ከሦስቱ በሮች ማዶ

ሰፈሩ «ካርታው» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት ገና ሚስቱን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ነው። አንዲት ጎረቤት ለልጅቷ እናት፣ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራም አለው፤ አንድ ዐመል ብቻ አለበት፣ ካርታ ይወዳል» አለቻቸው። እናትየው ቁማርተኛ መስሏቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ አሉ። በኋላ ልጁ የሚወደው የተራራ ካርታ መሆኑ ሲነገራቸው እፎይ ብለው ፈቀዱ። ሚስቱ ግን ከተጋቡ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም፣ «ቁማር በተሻለኝ፤ ቁማርተኛ ቢያንስ ለእራት ጠረጴዛ ይለቃል» ትላለች።

ካርታው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መስመር ተመላልሷል፤ ከባቡር ጣቢያ እስከ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል እስከ ባቡር ጣቢያ። ከተማዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ስለሆነች በቀን ከሚወጣው ዳገት ሁሉ ትልቁ ከሐዲዱ በላይ ያለው ድልድይ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከድልድዩ አናት ላይ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ፍጥነት ይቀንሳል። ተሳፋሪዎቹ ሞተሩ ያቃተው ይመስላቸዋል።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንዴ እዚያ ወጥቶ ነበር። ተራሮቹን አቋርጦ ወደ ማዶ የሚወስደው መንገድ ሦስት ማለፊያዎች አሉት፤ በሁለት ጫፎች መካከል ዝቅ ያሉ አንገቶች ናቸው፣ የአካባቢው ሰው «በር» ይላቸዋል። ያኔ የመጀመሪያው በር ላይ ደርሶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከሩቅ አየ፤ በረዶ ለብሰው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። የሚመራቸው ሰውዬ «አየሩ ሊበላሽ ነው፤ ሌላ ጊዜ» ብሎ መለሳቸው። ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ የልጅ ትምህርት መጣ፣ የእናቱ ሕመም መጣ። ልጁ ተድራ ወደ ሌላ ከተማ በሄደች በሳምንቱ የተራራውን ካርታ ከቁም ሣጥን አውጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ጠረጴዛው የእሱ ብቻ አይደለም። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ የምትቆርጠው እዚያው ላይ ነው።

«አንተ ሰው፣ ክንድህን አንሳ። ጨርቄን ተራራ በተራራ አደረግኸው።»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ስድስተኛው ቀን ላይ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ስድስተኛው መስኮት ላይ ነኝ።»

ዕቅዱ የዐሥራ አንድ ቀን ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን በደብተር አንድ ገጽ መድቧል፤ ከየት እንደሚነሱ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ከሁሉም በላይ ማታ የት እንደሚተኙ። ሦስት ሺህ ሜትር ካለፉ በኋላ አየሩ ይሳሳል። ሰውነት ቀስ ብሎ ካልለመደው ራስ ይፈልጣል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ከባሰም ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቀን የፈለጉትን ያህል ቢወጡም የሚተኙበት ቦታ ከትናንቱ እጅግ መራቅ የለበትም። እሱ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት በቃሉ ይለዋል። ሚስቱም እየሰማችው፣ ሳትፈልግ፣ በቃሏ ያዘችው።

የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። አንዲት መንገድ መሪም በስልክ አገኘ፤ የሠላሳ ዓመት ገደማ ወጣት ናት፣ ሁለት ጡረተኛ መምህራን ስለምትወስድ እሱንም ልትጨምረው ተስማማች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ የሐኪም ወረቀት ማምጣት አለበት።

በየቀኑ አውቶቡሱን የሚያዞርበት ሆስፒታል ገባ። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ በማሽን አየችው፣ እንደገና አዳመጠችው።

«ከልብዎ በሮች አንዱ ጠቧል» አለችው።

«እኔ እንኳን የመጣሁት ስለ ሌሎች በሮች ነበር» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ አልገባትም።

«እየተከታተልን መድኃኒት እንጀምራለን። ሜዳ ላይ በእግርዎ ቢሄዱ ጥሩ ነው። ከፍታ ግን የለም።»

«ቀስ ብዬ ብሄድስ?»

«ቀስ ብለውም አይሆንም።»

«የመጀመሪያዋን በር ብቻስ?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ፊቱን አየችው። «አባቴ ቢሆኑ የምነግርዎትን ነው የነገርኩዎት» አለች።

ቤት ገብቶ ኮቱን እየሰቀለ፣ «አይሆንም አለች» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሚስቱ የስፌት መኪናውን አቆመች። ልታቅፈው ተነሣች፣ እሱ ግን ፊቱን ሊታጠብ ገባ።

ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አልታየም። ሚስቱ ጨርቋን እንደ ልቧ ዘርግታ ቆረጠች፤ ግን ሁለት ጊዜ አሳስታ ቆረጠች። በአራተኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። እርሳሱን በጆሮው ላይ ሰክቷል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሦስተኛው ቀን ስሕተት አለበት። በአንድ ቀን ሰባት መቶ ሜትር ወጥተው እንዲተኙ ነው ያደረግሁት። ይህ ደግሞ ሰውን ያሳምማል።»

«አንተ እኮ አትሄድም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማንን ያሳምማል?»

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «ተሳስቶ እንዲቀር አልፈልግም» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ከኋላው ቆማ ማጅራቱን አየች፤ ፀጉሩ መሸበቱን ታውቅ ነበር፣ አንገቱ እንዲህ መክሳቱን ግን አላስተዋለችም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እየቀዳችለት፣ «እኔ እሄዳለሁ» አለች።

«ወዴት?»

«በአንተ ቦታ። ተራራው ላይ።»

ሻዩ ትን አለው። «አንቺ? ልብስ ለማስጣት ሰገነት ስትወጪ ሁለቴ የምታርፊ?»

«ስለዚህ አስተምረኛ።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይቅርብሽ።»

«ለማን ብዬ ይሆናል? ለበረዶው?» ብላ ተቆጣች። እውነትም ያኔ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ያ ደብተር ተዘግቶ ሲቀመጥ ማየት ስላልቻለች ብቻ ነው።

ልጃቸው በስልክ ሰምታ ጮኸች። «እማዬ፣ ሁለታችሁም አብዳችኋል? አባዬ፣ አንተም ዝም አልካት?» አባትየው፣ «እናትሽን መቼ ዝም አሰኝቼ አውቃለሁ» አላት። ሐኪሟም መረመረቻት፤ ልቧ ደኅና ነው፣ ጉልበቷ ትንሽ ያቃስታል።

አራት ወር ተለማመደች። መጋረጃ የምታስረክብበት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ አለ፤ አሳንሰሩን ትታ ጨርቁን በጀርባዋ ተሸክማ በደረጃ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ አራተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ትል ነበር። ዘበኛው፣ «እትዬ፣ አሳንሰሩ እኮ ይሠራል» ሲላት፣ «እኔ ነኝ የማልሠራው፤ እስክጠገን ነው» ትለዋለች። አዲሱን ጫማዋን ለማለማመድ ጠዋት ጠዋት የባልዋን መስመር ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። እሱ በአውቶቡስ ሲያልፋት ጥሩምባ ይነፋላታል፤ ተሳፋሪዎቹ ዞር ብለው ያዩዋታል፤ እሷም በሱሪ መታየቷ እያሳፈራት እንዳላየችው ሰው ትሆናለች። ማታ ማታ እግሯን በሙቅ ውኃ ነክራ ትቀመጣለች፤ እሱ ይጠይቃታል።

«ራስሽን ቢያምሽ?»

«ለመሪዋ እናገራለሁ።»

«ቢያሳፍርሽስ?»

«አፍሬ እናገራለሁ።»

«ሕመሙ ባይለቅሽ?»

«እወርዳለሁ። ሦስተኛዋ በር ሥር ብደርስም እወርዳለሁ።»

ይህን በተናገረች ቁጥር በእሺታ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ዓይኑ ግን ከካርታው አይነሣም።

ሲሄዱ እስከ መጨረሻው መንደር ድረስ ሸኛት። የቦርሳዋን ማሰሪያ አጠበቀ፣ መልሶ አላላው፣ እንደገና አጠበቀው። መንገድ መሪዋ በቅሎዋን ጭና ስትጨርስ፣ «አባቴ፣ አደራዎን ተቀብያለሁ» አለችው። እሱ ለሚስቱ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሁሉንም እይልኝ።» ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ የቆመው ፊቱን እንዳታይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእሱ ዓይን ነበር የምታየው። ምንጩን ስታይ «ይኸው ምንጩ» ትላለች፣ ድንጋዩን ስታይ «ይኸው ድንጋዩ»፤ ደብተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በየተራ እየወጣ ይቀበላታል። በሦስተኛው ቀን እሱ እንዳስተካከለው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አደሩ። በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያው በር ላይ ወጥታ እሱ ያኔ ያየውን አየች፤ ሁለቱ በሮች ከሩቅ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ምን ያህል ትንሽ ልጅ ሆኖ እዚህ እንደቆመ አስባ አለቀሰች፤ እንባዋን ነፋሱ ወደ ጆሮዋ ወሰደው። በሰባተኛው ቀን ሁለተኛውን በር ተሻገሩ። በስምንተኛው ቀን በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ሰፊ ሸለቆ ቀኑን ሙሉ ሄዱ።

ዘጠነኛው ቀን ሦስተኛው በር ነበር። ሊነጋጋ ሲል ተነሥተው አምስት እርምጃ እየሄዱ አንዴ እያረፉ፣ በረዶው ላይ መሪዋ የረገጠችበትን እየረገጡ ወጡ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ደመና ዘጋቸው። ማዶ የለም፣ ሸለቆ የለም፣ ሰማይም የለም፤ የመምህራኑ ኮፍያ እንኳ በዐሥር እርምጃ ርቀት ይጠፋ ነበር።

«እትዬ፣ ደርሰናል» አለቻት መሪዋ።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ።»

«ትንሽ ብንጠብቅ አይገለጥም?»

«አንጠብቅም። መውረድ አለብን።»

ባልዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ያሰበው ቦታ ላይ ቆማ የምታይለት ነገር አጣች። እዚያ ነው በጣም የናፈቃት። የልጃቸው አባት አልነበረም የናፈቃት፤ በየማታው እግሯን ነክራ ስትቀመጥ የሚጠይቃት ያ አስተማሪዋም አልነበረም። ድልድዩ ላይ የአውቶቡሱን መሪ ጨብጦ ዝም ብሎ ወደ ሩቅ የሚያየው ሰው ነው። እሱ እዚህ ቆሞ ደመናውን ቢያይ ምን ይል ነበር? አላወቀችም። ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ኖራ ይህን አለማወቋ ደረቷን ወጋት። እየወረደች፣ አንድ ነገር ፈጥሬ ልንገረው ይሆን፣ ፀሐይ ነበረች ልበለው ይሆን፣ እያለች ታሰላስል ነበር።

ካርታው በቆላው መንገድ ዞሮ በማዶ ካለው መንደር ይጠብቃት ነበር። ሌላ ሹፌር በሚነዳው አውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ የማርሽ አቀያየሩን ሲታዘብ ነው የመጣው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ ላይ አራት ሰውና አንድ በቅሎ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሊሮጥ አሰበና ሐኪሟን አስታውሶ ቀስ ብሎ ሄደ። ፊቷ በፀሐይ ተልጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ተቃቀፉ።

በእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሾርባ መጣላቸው። እሱ ደብተሩን አውጥቶ በጥያቄ አጣደፋት። ምንጩ አልደረቀም? ሁለተኛው በር ስንት ሰዓት ፈጀ? ሦስተኛው ላይ ሆነሽ በስተግራ ያለው ጫፍ ታየሽ?

«ምንም አልታየኝም» አለችው። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ደመና ነበር። የራሴን እግር ብቻ ነው ያየሁት።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ምንም?»

«ምንም። ይቅርታ።»

«ምን አጠፋሽና?» አለ፤ ግን ትከሻው ወረደ። ሾርባውን አማሰለ እንጂ አልቀመሰም። እሷ አየችውና ልትነግረው ያልፈለገችውን ነገር መናገር ጀመረች።

«ሌላም አለ። ስምንተኛው ቀን ላይ … ረሳሁህ።»

«እንዴት ረሳሽኝ?»

«ቀኑን ሙሉ። ጠዋት ከተነሣሁ እስክተኛ አንዴም አላሰብኩህም። ደብተርህንም አልከፈትኩም። ለአንተ ብዬ እንደሄድኩም ረሳሁ። ማታ ድንኳን ውስጥ ትዝ ሲለኝ የሆነ ነገር የሰረቅሁብህ መሰለኝ።»

ካርታው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከጓዳ ሰሃን ሲታጠብ ይሰማል። እሷ ተቆጥቷል ብላ ቀና ለማለት ፈራች።

«ምን ይመስል ነበር?» አላት በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«እኔን የረሳሽበት ቀን።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ላይ ቁጣ የለም። የተራበ ሰው ዓይን ነበር።

«ከጠዋቱ ጀምሪልኝ» አለ፤ ደብተሩንም ዘግቶ ወንበሩ ላይ አኖረው።

እሷም ጀመረች። ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ እንደነበር፣ ሸለቆው ባዶ እንደነበር፣ ዛፍ የለ፣ ወፍ የለ፣ ድንጋይና ቢጫ ሣር ብቻ። ከድንጋዩ ሥር ውኃ ሲሄድ እየተሰማት ውኃውን ግን አለማየቷን። ማንም ሳይናገር ሲሄዱ ከሁሉ ቀድማ መሄዷን፣ እርምጃዋና ትንፋሿ ሳታስበው መገጣጠማቸውን። ቀን ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጓንቷን አውልቃ ዳቦ መብላቷን፤ ፀሐይዋ ቀጭን እንደነበረች፣ ድንጋዩ ግን ሞቅ ብሎ እንደጠበቃት፤ የምትለካው፣ የምትቆርጠው፣ የምታደርስለት ሰው እንዳልነበረ። እጇን እያየች፣ ይህ የማን እጅ ነው ብላ እንደሳቀች።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ሾርባው ቀዝቅዟል።

«ከዚያ መሪዋ ጠራችንና ተነሥተን …»

«ቆይ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጇን ያዘ። «አትነሺ ገና። እዚያው ትንሽ እንቀመጥ።»