ሰባተኛው ምክንያት

የሻፋየት ጥፋት ሁለት ቃል ነው፤ «ያለ ምክንያት» የሚሉ ሁለት ቃላት። ሲጽፋቸው ሻይ እየጠጣ ነበር፤ እጁ እንኳ አልከበደውም። ትልቅ በደል የሚሠራው ጥርሱን የነከሰ ክፉ ሰው ብቻ ይመስለናል። ሻፋየት ግን ክፉ አልነበረም፤ የስክሪኑ ቦታ ጠበበው እንጂ።

ከዳካ ብዙ በማትርቀው በናራያንጋንጅ ከተማ፣ ከሺታላክሻ ወንዝ ዳር፣ ከናቴራና የልጆች ፒጃማ እየሰፋ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ አለ። ሻፋየት እዚያ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲቀጠር ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ክፍሉ ማለት እሱ ራሱ፣ ሁለት ኮምፒውተርና ሙቀቱን ከማማሰል በቀር ምንም የማይፈይድ አንድ ማራገቢያ ነው። ከእሱ በፊት የፋብሪካው ጉዳይ የሚሄደው በጩኸት ነበር። ቆራጩ ለሰፊው ይጮኻል፣ ሰፊው ካውያ ለሚተኩሰው ይጮኻል፣ ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ኢምዳድ ሳሄብ («ጌታው ኢምዳድ» እንደማለት ነው) ዘንድ ሲደርስ «ሁሉም ደህና ነው» ሆኖ ይደርሳል። ደህና አለመሆኑ የሚታወቀው መርከቡ ካመለጠ በኋላ ነው።

ሻፋየት ይህን ለወጠ፤ ለዚህስ እንኳን ተቀጠረ ያሰኛል። በየክፍሉ አንዳንድ ስክሪን አስተከለ። ሥራ በቆመ ቁጥር የክፍሉ ኃላፊ ለምን እንደቆመ ከዝርዝሩ መርጦ ይነካል፦ መብራት ጠፋ፣ ማሽን ተበላሸ፣ ሠራተኛ ቀረ፣ ጨርቅ አልደረሰም፣ የልክ ወረቀት አልመጣም፣ ጽዳት ላይ ነን። ስድስት ምክንያት ነው። ሰባተኛው «ሌላ» ይላል። የተነካው ሁሉ ተሰብስቦና ተደምሮ በየማለዳው በኢምዳድ ሳሄብ ግድግዳ ላይ ቀለም ሆኖ ይወጣል፤ የሄደው አረንጓዴ፣ የቆመው ቀይ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሳ መላ ፋብሪካውን ማየት ቻለ። ወደ ታች ወርዶ ማየቱንም ያን ጊዜ ተወ።

የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ፣ በፋብሪካው አጠራር «ማስተሩ»፣ አብዱል ሞታሌብ ነበሩ። ፋብሪካው በሙሉ «ቻቻ» ይላቸዋል፤ የሁሉም አጎት ናቸው። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ የቆረጡ ሰው ናቸው። ሻፋየት በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ከደረጃው ላይ ጠሩት።

«አንተ የኮምፒውተሩ ልጅ፣ ና እስቲ። እጅህን እዚህ ላይ አድርግ። ምን ይሰማሃል?»

«ጨርቅ ነዋ ቻቻ።»

«ጨርቅማ መሆኑን አህያም ያውቃል። ይህ ተወጥሮ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ከራጅሻሂ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ሲመጣ ያደረ ሰው በለው። ከጥቅሉ ፈትተህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ካላሳረፍከው ወደ ልኩ አይመለስም። ሳያርፍ ከቆረጥከው ኋላ በገዛ ጊዜው ይሰበሰባል። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ፒጃማ ለአሻንጉሊት ይሆንልሃል።»

ሻፋየት ሳቀና ራሱን ነቀነቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ነገሩ ገብቶታል። ችግሩ፣ የገባው ለጆሮው ብቻ ነበር፤ ወደ ዝርዝሩ አልደረሰም።

ስክሪኖቹ ሲተከሉ ታዲያ የቻቻ ጣጣ ጀመረ። ጥቅሉ ይፈታል፣ ጨርቁ ከጠረጴዛዎቹ በአንዱ ላይ ልል ብሎ ይተኛል፣ የዚያ ጠረጴዛ መቁረጫ ይቆማል። ስክሪኑ «ለምን ቆመ?» ይላል። መብራት አለ። ማሽኑ ደህና ነው። ሠራተኛው ሞልቷል። ሞታሌብ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ዝርዝሩን ያዩና ሰባተኛውን ይነካሉ። በማግስቱም ሌላ ጥቅል ይመጣል፣ ሰባተኛውን ይነካሉ።

አንድ ቀን ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ሻፋየት ቢሮ ገቡ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ፋይሳል እዚያው ተቀምጦ ሳምቡሳ ይበላ ነበር።

«ልጄ፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ጨምርልኝ።»

«ምን የሚል ቻቻ?»

«‹ጨርቁ እያረፈ ነው› የሚል።»

ፋይሳል ሳምቡሳው ትን ሊለው ደረሰ። «ትራስ ይምጣለት እንዴ ቻቻ? ሻይስ ይጠጣል?»

ሻፋየትም ሳቀ። ኋላ ሲያስበው ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ያ ሳቅ ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ጋር አብሮ ስቋልና።

«እናንተ ሳቁ» አሉ ሞታሌብ ራሳቸውም ፈገግ ብለው። «ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ያ የላይኛው ግድግዳ እኔን ሁልጊዜ ቀይ እያደረገኝ ነው አሉ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት እጨምረዋለሁ ቻቻ። ቃሌ ነው።»

የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። አሥር ደቂቃ! በሚቀጥለው ሳምንት ግን ኢምዳድ ሳሄብ ሌላ ነገር ፈለገ፤ ዝርዝሩ ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በሦስት መደብ ተጠቃሎ ይውጣልኝ አለ።

«እኔ ውሳኔ ሰጪ ነኝ» አለ። «ይኸ ‹ሌላ› የሚባለው ምንድን ነው? ‹ሌላ› በሚባል ነገር ላይ ምን ብዬ ልወስን? ስም ስጠውና አምጣልኝ።»

ሻፋየት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። መብራትና ማሽንን «የቴክኒክ» አላቸው። ሠራተኛን፣ ጨርቅን፣ የልክ ወረቀትንና ጽዳትን «የአቅርቦትና ዝግጅት» ብሎ ጠቀለላቸው። ሰባተኛው ቀረ። ለሦስተኛው መደብ የቀረችው ቦታ ጠባብ ነበረች፤ ሁለት አጭር ቃል ብቻ ትይዛለች። ሻዩን አንዴ ፉት አለና «ያለ ምክንያት» ብሎ ጻፈ። አማረለት።

በዘጠነኛው ወር ሪፖርቱ ተገልብጦ ሲታይ፣ መቁረጫ ክፍሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ቆሟል። ኢምዳድ ሳሄብ የሚያየውን አየ፣ የሚወስነውን ወሰነ። ሻፋየት ደንግጦ «ጌታዬ፣ ጨርቁ እኮ...» ብሎ ጀመረና፣ ሰውየው «ሲስተሙ ተሳስቷል እያልከኝ ነው?» አለው። ተሳስቷል ቢል የሚወድቀው የራሱ ሥራ ነው። «አይ» አለ፤ ወጣ።

የፋብሪካው ደብዳቤ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ለምን ቢባል ድሮም እንደዚያ ስለነበረ። ሞታሌብ ቤንጋሊ እንጂ እንግሊዝኛ አያነቡም። የደረሳቸውን ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ይዘው በቀጥታ ወደ ሻፋየት መጡ።

«ምን ይላል ልጄ? አንተ አንብብልኝ፤ የፋይሳልን ንባብ አላምነውም።»

ሻፋየት ወረቀቱን አየ፣ ፊታቸውን አየ። አንጀቱን በሉት። «ዕድሜዎ ስለደረሰ ተሰናብተዋል ነው የሚለው ቻቻ» አለ። «ለሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎትዎ ፋብሪካው ያመሰግናል ይላል። እጅዎ የተባረከ ነው ይላል።»

«እንደሱ ይላል?» አሉ ሽማግሌው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ወረቀቱን አጥፈው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱ። ሻፋየት ያን ዕለት ደግ የሠራ መሰለው።

አዲሱ ማስተር ከዳካ የመጣ ፈጣን ሰው ነበር። ጥቅሉ ገና ከመኪና ሳይወርድ መቀሱ ይሳላል። መቁረጫ ክፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ አረንጓዴ ሆነ፤ ኢምዳድ ሳሄብም ግድግዳውን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጎበኝ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዝናቡ ወራት የገዢው ተቆጣጣሪ መጥቶ ስድስት ፒጃማ አጥቦ ለካ። እጅጌው ከክርን ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ። አርባ ሺህ ፒጃማ መርከብ ላይ ሳይጫን ውድቅ ሆነ። ሁለት የስፌት መስመር ተዘጋና ሰማንያ ስድስት ሴቶች የምሳ ዕቃቸውን ይዘው በዝናብ ወጡ። ሻፋየት በመስኮት አያቸው።

«ሲስተምህ ለምን አልነገረኝም?» አለ ኢምዳድ ሳሄብ።

ሻፋየት የድሮውን መዝገብ ከፈተ። ማጠቃለያውን ሳይሆን ከታች ያለውን፣ ማንም የማያየውን። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ይላል። እያንዳንዱ ጥቅል በገባበት ሰዓት ተነክቷል፤ እያንዳንዱም የቆየው ልክ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ነው። ነግሮታል እንጂ፤ ለዘጠኝ ወር በየማለዳው ነግሮታል። አንድ ሽማግሌ በጣታቸው እውነቱን ሲያስገቡ ኖረዋል፤ በመንገድ ላይ የቀየረው ሻፋየት ነው። በዚያው ቀን «ጨርቁ እያረፈ ነው» የሚለውን መስመር ጨመረ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለኢምዳድ ሳሄብ ሁሉንም ነገረው። ሰውየውም «ሂድና ሽማግሌውን አምጣቸው» አለ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሻፋየት በጀልባ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ባንደር ተሻገረ። ሞታሌብ ቆርቆሮ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለገበያ የሚሸጥ አጎበር ይቆርጡ ነበር። ከስተዋል። ሂናው ከጢማቸው ለቅቆ ነጩ ወጥቷል።

«የኮምፒውተሩ ልጅ!» አሉ ተነሥተው። «ሱፊያ፣ ያ የነገርኩሽ ልጅ መጣ፤ ሻይ አምጪ። ተመልከት ልጄ፣ አጎበር ላይ ወድቄልሃለሁ። ደግነቱ አጎበር ማረፍ አይፈልግም።»

ባለቤታቸው ሱፊያ የሩዝ ፈንድሻ በሰናፍጭ ዘይት ለውሰው፣ ከሻይ ጋር አቀረቡ። ሻፋየት ገና እንደተቀመጠ የኢምዳድ ሳሄብን ጥሪ ነገራቸው። የሞታሌብ ፊት በራ።

«ሰማሽ ሱፊያ? አላልኩሽም? ቅዳሜ እመጣለሁ ልጄ። ነገውኑ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ እኮ ተጠራጥራኝ ነበር። አንድ ነገር አጥፍተህ ነው እንጂ ትለኛለች። ያንን የምስጋና ደብዳቤ ይዤ ያልሄድኩበት ፋብሪካ የለም፤ አሥራ አንድ። ያነቡታል፣ ዝም ይላሉ፣ ‹እንደውልልዎታለን› ይላሉ። አንዱማ ዐይኔን ሳያይ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ። ዕድሜዬን አይተው ነው እላታለሁ።»

ሻፋየት ፈንድሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ሞታሌብ ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ላስቲኩን ቀስ ብለው ፈቱት። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በመሀሉ ሳስቷል፤ ጫፉ ግን አልቆሸሸም።

«በል አሁን ለእሷ አንብብላት። ያችን ‹እጅዎ የተባረከ ነው› የምትለዋን ትስማት።»

ሱፊያ እጃቸውን በሳሪያቸው ጠርገው ተቀመጡ።

አሁንም መዋሸት ይችል ነበር። ቃላቱን ያስታውሳቸዋል፤ አንድ ጊዜ ብሏቸዋል፣ ሁለተኛ ቢላቸው ማን ያውቅበታል? ሽማግሌው ነገ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ሴትዮዋ ይደሰታሉ፣ እሱም ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ከዚያ መስመር በመስመር፣ እንደተጻፈው አነበበው።

«አብዱል ሞታሌብ፣ የመቁረጫ ክፍል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ሥራ በማቆም በፋብሪካው ላይ ጉዳት ስላደረሱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል።»

ሌላ የለውም። ደብዳቤው አጭር ነበር።

«ምስጋናውስ?» አሉ ሞታሌብ።

«ምስጋና የለውም ቻቻ። ያን ቀን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አዘንኩልዎትና ዋሸሁዎት።»

«‹ያለ ምክንያት› ያለውስ ማን ነው? ኢምዳድ ነው?»

«እኔ ነኝ። እርስዎ ‹ሌላ› የሚለውን ሲነኩ እኔ ‹ያለ ምክንያት› ብዬ ጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ ቻቻ።»

ሞታሌብ ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱ። በዚያችው በለመደች እጥፋቷ አጠፉት፤ ላስቲኩን ግን ረሱት።

«አሥራ አንድ ፋብሪካ» አሉ። «በገዛ እጄ ነው የሰጠኋቸው። ሲያነቡት እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ፈገግ እል ነበር።»

ሻፋየት ስለ ቅዳሜ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው። ሽማግሌው እሱን አላዩትም። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ እንደ ተከሰሰ ልጅ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጨርቁ እኮ እያረፈ ነበር፣ ሱፊያ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሱፊያ።