የነቀልኩት ስንዴ

የምርምር ጽሑፋችን ታትሞ በወጣ በሳምንቱ መጽሔቱ አንድ ነገር ጠየቀን፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ፣ ከጀርባው ያለውን ታሪክ፣ ማንም አንባቢ በሚገባው ቋንቋ በሁለት ገጽ እንድንጽፍለት። ሦስት ዓመት ሙሉ የስማዳ ወረዳን ጭቃ የረገጥኩት እኔ ስለሆንኩ መጻፉ ለእኔ ደረሰ። እውነቱን ጻፍኩ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር፣ ከእማሆይ ወለተ ሥላሴ ማሳ ጎን ለሌላ ሙከራ ገብስ ዘርቼ ነበር። ዘሩን የወሰድኩት ከእሳቸው ጎተራ ነው። ሲያሸት ከገብሱ መሃል ስንዴ ብቅ ብቅ አለ። ዘሩ ተበላሽቷል ብዬ በገንኩ፤ ሁለት ክረምት ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ ስንዴውን አንድ በአንድ ነቀልኩ። እማሆይ ዳር ቆመው ያዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ምን በደለሽና ነው የምትነቅይው?» ይሉኛል። እኔ የተማርኩት ፈገግ ብዬ እቀጥላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ዝናብና ነፋስ ተባብረው መጡ። የእኔ ንጹህ ገብስ መሬት ላይ ተኛ። የእማሆይ ገብስ ግን ቆሞ ነበር፤ ስንዴው ደግፎታል። ለካ ዘሩን አውቀው ነው የሚቀላቅሉት። በዚያ መንደር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዲግሪ ከያዝኩት ከእኔ በቀር። ምርምራችን የተወለደው ያን ቀን ነው።

የቡድናችን መሪ ዶክተር ይሁኔ ረቂቁን አንብበው ደወሉልኝ።

«ውብነሽ፣ ስንዴ ነቀልኩ የሚለውን አውጪው። ስህተቱን የሚያወራ ተመራማሪ ማን ያምነዋል? ‹ድብልቁን ለመፈተሽ አቅደን ተነሣን› ብለሽ ጀምሪ። የሴትዮዋን ስም ደግሞ ‹የአካባቢው አርሶ አደሮች› በይው።»

«አላቀድንማ!»

«ውልሽ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። አውቄም ደሜ ፈላ። ዘር የሰጡኝ፣ ስህተቴን ፊት ለፊት የነገሩኝ ሴት በምን ሒሳብ ነው ‹የአካባቢው› የሚሆኑት? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እማሆይ ሞኝ አይደሉም፣ ከደጃፋቸውም አይቆረጥም!

በማግስቱ ወገዳ ገባሁ፤ ከዚያ በእግሬ አቀናሁ። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ዶክተሩ ያሉኝን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ረቂቁን አነበብኩላቸው። ስማቸው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ምርቃት ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም።

ባቄላውን አስቀመጡ። «ይኸ ውሸት ነው» አሉ።

«ምኑ፣ እማሆይ?»

«ብልሃቱ የእኔ ነው ይላልሳ! ከሌላ አገር እዚህ ቤት በሙሽርነት ስመጣ እኔም እንዳንቺው ስንዴውን ከዘሩ ለቅሜ ጥዬው ነበር። ተቆጥተው በእጃቸው መልሰው የቀላቀሉት አማቴ እሜት ደስታ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔን አንሥተሽ እሳቸውን ከዘለልሽ ካለቃሽ በምን ተሻልሽ?»

ፊቴ ጋለ። ያን ሁሉ ቁጣ ተሸክሜ የመጣሁት፣ ለካ እኔም ሰው ዘልያለሁ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና «የአባታቸው ስም ማን ነበር?» አልኩ።

«ወርቅነህ። ደስታ ወርቅነህ በይ። አጥርተሽ ጻፊው።»

አጥርቼ ጻፍኩት። የእማሆይንም የሙሽርነት ስህተት ከእኔው ስህተት ጎን አስገባሁ፤ እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። ወገዳ ተመልሼ ኔትወርክ የሚይዝ ቦታ ፈለግሁና ለመጽሔቱ ላክሁት። ግልባጩን ለዶክተር ይሁኔ።

አፍታም ሳይቆዩ ደወሉ። «ስሙን አወጣሽው?»

«አላወጣሁም፤ አንድ ጨመርኩ» አልኩ። «ውሌን ሰኔ ላይ እንደፈለጉ ያድርጉት። ጽሑፉ ግን ሄዷል።»