ከመርከቡ ፎቶ ጀርባ

ከግራ ሦስተኛው፣ አይ፣ አራተኛው፣ መነጽሩን ያውልቅና በሸሚዙ ጫፍ ይወልውለው፣ እንደገና ይየው፣ ያው ነው፣ ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ፣ ከጀርባው የማሰልጠኛ መርከቧ ምሶሶ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ በሬ የወጋው ጠባሳ፣ እናቱ ይርጋነሽ ስንቴ የነገረችው ጠባሳ፣ ኧረ በስመ አብ! አባቴ ነው። ስጦታው ከፎቶው ቀና ማለት ይፈራል። ዕቃዬን ለሚወደው ልስጥ፣ ያን የመርከብ ፎቶ ሰብሳቢ ጥሩልኝ ብለው ከብቸና ሞጣ ድረስ ያስጠሩት መነኩሴ፣ አባ ኃይለ ሚካኤል፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል።

ስጦታው ብቸና ቤቱ ሳሎን ውስጥ አሥራ ሁለት የመርከብ ፎቶ ሰቅሏል፣ ተዋጊው፣ ጠባቂው፣ ማሰልጠኛው፣ ሁሉም ባለ ፍሬም፣ ሁሉም አሮጌ፣ ሚስቱ ሄለን ቤታችን ምጽዋ ሆነ እኮ ትላለች፣ ትሳቅ፣ እሱ የሚሰበስበው መች መርከብ ሆነና፣ መርከቡ ላይ የተሰለፈውን ፊት ነው። አባትህ ምጽዋ ቀርቷል ተብሎ በሰማንያ ሦስት ተዝካሩ ወጣ፣ እሱ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ድንኳኑ፣ ጠላው፣ ያ ሁሉ ሰው፣ እናቱ ጥቁር እንደ ለበሰች ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቀች።

እጁ ግን ልማዱን አይረሳም። ፍሬም ባገኘ ቁጥር ገልብጦ ጀርባውን ይከፍታል፣ የፎቶ ቤቱን ማኅተምና ዓመተ ምሕረቱን ያያል፣ ሚስማሮቹን ቀና ቀና፣ ካርቶኑ ተነሳ፣ ማኅተም የለም። ሌላ ፎቶ አለ። ትንሽ። አንድ ልጅ፣ ጆሮ ብቻ፣ የራሱ ጆሮ፣ ይገለብጠዋል፣ የእናቱ ጽሕፈት፣ ስጦታው አራተኛ ክፍል ገባ፣ 1986። ተዝካሩ ሰማንያ ሦስት። ይኼ ሰማንያ ስድስት። ምን ጉድ ነው! ለሞተ ሰው ፎቶ ይላካል?

ምነው ልጄ አላበህ፣ ቆይ ውሃ ላምጣልህ፣ ይላሉ አባ፣ ሲነሱ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉታል። ጠባሳው አለ። ጠባሳው አለ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሞጣ ላይ፣ ጠዋት በሚኒባስ ተነስተህ ሳይመሽ የምትመለስበት ሞጣ ላይ!

ስልኩ ይጮሃል፣ እናቱ ናት፣ በሰላም ገባህ ወይ? እማዬ፣ አራተኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ ፎቶዬን ለማን ነው የላክሽው? የማያውቀው ቀጭን ድምጽ ይመልስለታል፣ ለአባትህ፣ ከጦሩ ተርፎ መጥቶ ነበር ልጄ፣ ካተረፍከኝ እመነኩሳለሁ ብሎ ባሕሩ ላይ ተስሎ፣ ቆብ ሲጭን እንደ ሬሳ ፍትሐት ተደገመበት፣ ፍትሐት የተደገመበት ሙት ነው፣ ለሙት ተዝካር ይወጣል፣ ምኑ ነው ውሸቱ? ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ብዬ ላስረዳ? ለአርባ ዓመቱስ እማዬ፣ ለአርባ ዓመቱስ፣ ሊጮህባት ይፈልጋል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ታቆማለች።

ጥርሱ አለ? ትለዋለች።

ጥርሱ? አባ ውሃውን በጣሳ ይዘው ከፊቱ ቆመዋል፣ ፈገግ ብለዋል፣ ጠጣ እንጂ፣ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ፣ ማን ልበል? ፊት ለፊት ሁለት አሉት እማዬ፣ ይላል፣ ስልኩን ከጆሮው ያወርዳል፣ አይዘጋውም፣ ትስማ፣ ስጦታው እባላለሁ፣ ስጦታው፣ አራተኛ ክፍል ገባሁ።