የተገለበጠው ኮት

ቀለም ቀቢው ኮቱን በብብቱ ይዞ የእጮኛውን ቤት አንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሰላል ቢወዛወዝበት ግድ የማይሰጠው ሰው፣ አሁን ምድር ላይ ቆሞ ራሱን አዞረው። ዛሬ አባቷ ያዩታል። አይተውም ወይ ልጃቸውን ይሰጡታል፣ ወይ በመጣበት እግሩ ይመልሱታል።

እጮኛው በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። የያዘውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኮት ነው እንዴ? ለልብስ ሰፊ ልብስ? ምን ነካህ?»

«አባትሽ ብርድ አይችሉም ስላልሽኝ ነዋ።»

«ገልብጠህ አይተኸዋል ግን?»

«አዎ» አላት። ውሸቱን ነበር።

ኮቱን የገዛበት ሱቅ ውስጥ ሻጩ፣ ሽቶ ውስጥ ተነክሮ የወጣ የሚመስል ጎረምሳ፣ «ንጹሕ ሱፍ ነው ወንድሜ፤ ዋጋው ራሱ ይነግርሃል» ሲለው፣ ኮቱን ማገላበጥ ሰውየውን ሌባ ነህ እንደማለት ሆኖ ተሰማው። አፈረ። ይህን ያህል ከተወደደማ ጥሩ ቢሆን ነው ብሎ ራሱን አጽናንቶ፣ ከፍሎ ወጣ።

ሳሎኑ ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ የሥራ ቦታ ነበር። አባትየው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው በመነጽራቸው አናት አዩት። እናትየው ወንበር ሳቡለት።

«ተቀመጥ ልጄ፤ አትፍራ። እሱ ሰው አይበላም፤ የሚበላው ልብስ ብቻ ነው።»

በዚያ ቤት አዲስ ልብስ ሳይገለበጥ «እንኳን ደስ ያለህ» አይባልም። አባትየው ኮቱን ተቀብለው በጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ዘረጉት። እጅጌውን በጡጫቸው ጨምድደው ለቀቁት። ጨርቁ እንደተጨማደደ ቀረ። ስፌቱን ግራና ቀኝ ቢወጥሩት በክሮቹ መካከል ብርሃን አሳየ። ገበሩን በጥፍራቸው ፈልቀቅ ሲያደርጉት የደረቀ ሙጫ ተቀርፎ ወደቀ።

«ክብሪት» አሉ አባትየው።

ልጅቷ አመጣች። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዘው ለኮሱት። ክሩ ተኮማተረ፣ ጤዛ የሚያህል ጥቁር ጠብታ አንጠለጠለ፣ ቤቱን የላስቲክ ሽታ ሞላው።

«ሱፍ ቢሆን የተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር፤ ስታሸውም ዱቄት ይሆናል። ስንት ገዛኸው?»

እጮኛው ከአባቷ ጀርባ ሆና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ ምልክት ሰጠችው። ትንሽ በል ማለቷ ነው። ትንሽ ካለ፣ ለርካሽ ልብስ ርካሽ ዋጋ የከፈለ ሰው ይሆናል፤ ነገሩ ያልፋል። እውነቱን ከተናገረ ግን ቂል ይባላል፤ ለቂል ደግሞ ማን ልጁን ይሰጣል? ላቡ በጀርባው ወረደ።

«ያንን ባለ ፎቅ ቤት ቀብቼ ያገኘሁትን በሙሉ ነው የከፈልኩት» አለ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እናትየው።

«ሳትገለብጠው?» አሉ አባትየው።

«ሳልገለብጠው። አየሁት ያልኳትም ዋሽቻት ነው። ሻጩን አፈርኩት።»

አባትየው ኮቱን አጣጥፈው ሰጡት።

«መታለል በእኔም ደርሷል። ግን ነገ ልጄ ብትታመም ሐኪሙን አፍረህ፣ አከራዩ ቢያስወጣችሁ አከራዩን አፍረህ ዝም ልትል ነው? ተነሥ፤ ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ።»

«አባባ፣ እርስዎ ቢነግሩት…»

«እኔ አፌን አልከፍትም።»

መንገዱን ሁሉ ከኋላው የሽማግሌውን ኮቴ እየሰማ ሄደ። ፖሊስ የሚነዳው እስረኛ መሰለ። ሱቁ ዝግ በሆነ ብሎ ተመኘ። ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

«ወንድሜ! ሱሪውንም አማረህ?» አለ ሻጩ።

ዞር ቢል ሽማግሌው የተሰቀሉ ካልሲዎችን ያያሉ። ኮቱን የመስታወት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ገለበጠው።

«ሱፍ ነው ብለኸኝ ነበር። አይደለም። ገንዘቤን መልስልኝ።» ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ።

ሻጩ የቀለም ቀቢውን በቀለም የተለሰነ ጥፍር አየና ሳቀ። «ጥፍርህን ሳታጠራ ስለ ሱፍ ልታስተምረኝ? ውጣ! ዘበኛ!»

ግዙፍ ዘበኛ በሩ ላይ ተገተረ። ገበያተኞች ዞረው አዩ። ቀለም ቀቢው መሮጥ ፈለገ፤ ግን ጣቱ ከጨርቁ ጫፍ ክር መዘዘ።

«ክብሪት ለኩስና አሽትተው። የጠጉር ሽታ ካለው ይዤው እሄዳለሁ።»

ሳቁ ከሻጩ ፊት ላይ ጠፋ። ወደ ሽማግሌው አፈጠጠ።

«እርስዎስ ምኑ ነዎት?»

ሽማግሌው ካልሲዎቹን ተዉ።

«አማቱ ነኝ» አሉ። «ለኩሰው ተብለሃል።»

ዘበኛው አንድ እርምጃ ቀረበ። ቀለም ቀቢው ግን ክሩን አልለቀቀም፤ ወደ ሻጩ አስጠጋው።