የፊት ወንበር

ልብስ ሰፊዋ አራት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ተንበርክካለች። ከፊቷ፣ ወንበር ላይ የቆመው አናጺ፣ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ላለመሳቅ ይታገላል። የለበሰው ኮት ከትከሻው ልክ ሆኖ ከታች ረዝሞበታል፤ አንድ ጣት ያህል መታጠፍ አለበት።

«አትንቀሳቀስ፣ እወጋሃለሁ» አለችው በጥርሷ መሃል።

«ውጊኝ ግድ የለም። ምናልባት የመድረኩ ፍርሃት በዚያ በኩል ይወጣልኝ ይሆናል።» ከላይ ያለው የዳንስ ክፍል በአንድ ጊዜ በሃያ እግር ተረገጠና አምፖሉ ተወዛወዘ። «እነዚህ ልጆች ደግሞ ጣሪያውን አናቴ ላይ ሊያወርዱት ነው እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗን ከኮቱ ጫፍ አላነሳችም። የዚህን ሰው ፊት ቀና ብላ ካየችው አስራ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል።

የሰፈሩ የኪነ ጥበብ ማዕከል ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። አሁን ምድር ቤቱ ሸክላ ይሠራበታል፤ የእርጥብ ጭቃው ሽታ በደረጃው ወጥቶ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከኮሪደሩ ማዶ ጡረተኞች ሥዕል ይማራሉ። ሁሉም አንዱን መስኮት እያዩ ይሥላሉ፤ የአንዱ መስኮት ግን የሌላውን መስሎ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ ቤት የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ አባቷ በሞቱ በሁለተኛው ወር፣ የመድረኩን መጋረጃ ለመለካት ነበር። አዳራሹ ውስጥ የጽሑፍ ትምህርት ይሰጥ ስለነበር እስኪያልቅ ብላ ከኋላ ተቀመጠች። መጋረጃው በሳምንት ተሰፍቶ አለቀ፤ እሷ ግን ከዚያ ወንበር ሳትነሳ ቀረች።

እዚያ ወንበር ላይ ዛሬ የሚታየው ተውኔቷ፣ «የጀልባ ነጂው»፣ ተጻፈ። ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው የሚያመላልስ አባት ነው። አንድ ቀን መሪውን ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ገጭቶ ይገለብጣል፤ ሰውየው ሰጥሞ ይሞታል። አባት ሰው ሳይደርስ ቦታ ይቀይርና ወንጀሉን በራሱ ላይ ያደርጋል። ያነበቡት ሁሉ ምናቧን አደነቁላት። ሐይቁ አስፋልት፣ ጀልባው ሲሚንቶ የጫነ መኪና መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ያኔ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ በአባቷና በወንድሟ መሃል ተቀምጣለች። ወንድሟ አስራ ስድስት ነው። ለምኖ ለምኖ መሪውን ተቀበለ። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ፣ ጎማው የተነፈሰበት ብስክሌት የሚገፋ ሰው ነበረ። ከግጭቱ ድምፅ በኋላ አባቷ ወንድሟን በብብቱ ይዘው፣ በእሷ ጉልበት ላይ አሳልፈው ወደ በሩ ጎተቱት፤ እሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ። «አንተ መሪ አልነካህም» አሉት። «እሷ እንደሆነች ተኝታለች።» ይህን ስትሰማ ዓይኗን እንደጨፈነች ቀረች። አባቷ አራት ዓመት ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ አርጅተው ሞቱ። ነገሩ ግን በቤታቸው አንድም ቀን አልተነሳም።

ከአስራ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ በልምምድ መሃል እረፍት ላይ ሻይ እየጠጡ፣ አናጺው የልቡን አጫወታቸው። ዋናውን ሰው፣ ጀልባ ነጂውን፣ የሚጫወተው እሱ ነው። «ኀዘኑን ከየት ታመጣዋለህ?» ብሎ ሰው ጠይቆት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱን መኪና እንደገደለበት፣ አክስቱ ዘንድ ሌላ ከተማ እንዳደገ፣ ወደዚህ የተመለሰው እናቱን ለመጦር እንደሆነ ነገራቸው። «ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ያችን መታጠፊያ ታውቋታላችሁ? ብስክሌቱን እየገፋ ነበር አሉ።» ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ምኑን እንደምታጥብ ሳታውቅ፣ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

«ጨረስሽ?» አላት አናጺው።

«ጨረስኩ። አውልቀውና ልስፋው።»

ኮቱን አቀብሏት ከወንበሩ ዘለለ። ጀልባውን ሊጨርስ ወደ ጓሮ ወረደ፤ ያንንም የሠራው ራሱ ነው።

ገና ክሩን ሳታስገባ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ወንድሟ ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ በየመስቀለኛው ሦስት ጊዜ ቁሙ እያለ ተማሪ የሚያሰለች ሰው ነው። ይህን ቤት ረግጦ አያውቅም። በእጁ የተውኔቱን ማስታወቂያ ወረቀት አጣጥፎ ይዟል።

«ጋሼ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አባባ ነው? ሊሞት ሲል ነገረሽ?»

መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካችው። «ተኝቼ አልነበረም ጋሼ።»

ወንድሟ አናጺው ቆሞበት የነበረውን ወንበር በእጁ ፈልጎ ያዘና ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ቆልፎ ብቻውን የኖረበት ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲያይ ይመስላል።

«ልጄን አዝለሽ ስታሳድጊልኝ» አለ። «ያኔም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አስቁሚው።»

«ሰው የሚያየው እኮ ጀልባ ነው።»

«እኔ ጀልባ አይደለም ያየሁት! አንድ አባት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ መሪ ይላል ወረቀቱ። ተማሪዬን መሃል መንገድ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት።» እጁን ዘረጋላት።

ልትይዘው ፈለገች፤ አልያዘችውም። አስቀድማ መናገር ያለባት ነገር ነበረ።

«አባባን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ» አለች፣ «የሰውየው ልጅ ነው። የባለብስክሌቱ።»

«የማን?»

«እኔም ሳላውቅ ነው። አዘጋጇ ናት የመረጠችው። ካወቅሁ አስራ ዘጠኝ ቀኔ ነው። እሱ ምንም አያውቅም።»

ወንድሟ አፉን ሊከፍት ሲል አናጺው እየሳቀ ገባ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። «እህት ዓለም፣ ጀልባችን ያፈሳል! ውሃ ባይኖርም ያፈሳል! ስንጥቁን የምደፍንበት ክር ስጪኝ።» እንግዳ መኖሩን ሲያይ አፈረና እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋ። «ይቅርታ። ወንድሟ ነዎት አይደል? ቁርጥ እሷን። መንዳት ያስተምራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አስተምራለሁ።»

«እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። አባቴን መኪና ነው የገደለው፤ እናቴ አስምላኛለች። እዚህ የጀልባ ሲሰጡኝ እንኳ፣ ያው መሪ ነው ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ።» እንደገና ሳቀ። «አንድ ቀን ግን ያሳዩኝ። ሰው የሚይዘው እንዴት ነው? ጠበቅ አድርጎ ነው፣ ላላ?»

«ላላ» አለ ወንድሟ። «ላላ አድርጎ ነው።»

አናጺው አመስግኖ፣ የመጣበትን ክር ረስቶ፣ ወጣ። እርምጃው በደረጃው እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ሳያውቅ መድረክ ላይ ካወጣነው» አለች፣ «ሁለተኛ በደልነው። ሰው ሁሉ እያየ፣ ለበደለው ሰው በገዛ አፉ ምሕረት ልናስለምነው ነው። ዛሬ ጠዋት ልነግረው ነበር። ትናንትም ልነግረው ነበር። ጽሑፉ የኔ ነው፤ እኔ ልንገረው።»

«ጽሑፉ ያንቺ ነው» አለ ወንድሟ ሲነሳ። «ነገሩ ግን የኔ ነው።»

በሩን ክፍቱን ትቶ ወረደ።

መስኮቱ ጓሮውን ያሳያል። ጀልባው ሁለት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ አናጺው ከጀልባው ሥር ገብቶ በመዶሻ ይመታል። ወንድሟ ሲደርስ ፈገግ ብሎ ወጣ። የሚሉትን መስማት አትችልም፤ ከላይ የልጆቹ ሙዚቃ እንደ አዲስ ጀምሯል። ወንድሟ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ ቆሟል። የአናጺው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ፊቱ ላይ ቆየ፤ እንዴት እንደሚወርድ የጠፋበት ይመስል ነበር። ከዚያ መዶሻውን ጀልባው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ወንድሟ ብዙ ተናገረ። አናጺው አንድ ነገር ጠየቀ፤ አጭር ነገር። ወንድሟ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አናጺው ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ እሷን። ወደ ኋላ ማለት ፈለገች፤ አላለችም።

አልመታውም። አልጮኸም። በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰው መግባት ጀመረ። ለጩኸቷ «ጸጥታ» የሚል ቅጽል ያወጡላት አዘጋጇ ከክፍል ክፍል እየሮጠች አናጺውን ትፈልጋለች። «የት ገባ? የትኛው መሬት ዋጠው? አንድ መቶ ሃያ ሰው ተቀምጦ እኔ ምን ላሳይ፣ ባዶ ጀልባ?»

«ላይመጣ ይችላል» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ አሁን ግን ሰዉን ይቅርታ ጠይቀሽ ብታሰናብቺ...»

«አሁን እንዳትነካኪኝ!» አለቻትና በኮሪደሩ ሮጠች።

ለአስር አምስት ጉዳይ ሲሆን አናጺው በዋናው በር ገባ። ብቻውን አልነበረም። ክንዱን የተደገፉ አጭር አሮጊት፣ ንጹሕ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ግራ ቀኝ እያዩ አብረውት ይራመዳሉ። ልጃቸው ሊያስገርማቸው እንደፈለገ ሁሉ ፊታቸው ፈክቷል። አናጺው ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እናቴ ናት። ከፊት ትቀመጣለች።» ድምፁ ከዚህ በፊት የምታውቀው ድምፅ አልነበረም። «ወንድምሽ አለ?»

«ከኋላ ቆሟል።»

«ከጎኗ ይቀመጥ።»

«ነግረሃቸዋል?»

«የምነግራት እኔ አይደለሁም።» ሰፍታ የጨረሰችውን ኮት ከእጇ ላይ ወሰደ። «እኔ እዚህ የመጣሁት ልጫወት ነው።»

አሮጊቷ የልብስ ሰፊዋን ፊት ይዘው ጉንጯን ሳሟት። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው? እደጊ ልጄ» አሏት። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

መብራቱ ሲጠፋ እሷ ከጎን መጋረጃው ሥር፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃል ለማቀበል፣ ጽሑፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አናጺው እንዲህ ሲጫወት አይታው አታውቅም። የተጻፈውን ሁሉ አንድ ቃል ሳያጎድል አለው፤ ግን ቀልድ የነበረው ቦታ ላይ ሰው አልሳቀም። መሪውን ለልጁ ሲያስይዝ ላላ አድርጎ ነበር። ከተቀመጠችበት የፊተኛው ረድፍ ይታያታል፦ አሮጊቷ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ወንድሟ ደግሞ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ።

የፍርድ ቤቱ ትዕይንት ደረሰ። ዳኛውን የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ጠየቁ፦

«ያን ሰዓት መሪው በማን እጅ ነበር?»

አናጺው መመለስ ነበረበት። ሁለት ቃል ነው፦ በእኔ፣ ጌታዬ። አልመለሰም። ፊቱን ከዳኛው ወደ ፊተኛው ረድፍ አዙሮ ቆመ።

አዳራሹ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። «ጠፍቶበታል፣ ስጪው!» አለች አዘጋጇ ከመጋረጃው ማዶ በሹክሹክታ። «ስጪው እንጂ አንቺ!» ልብስ ሰፊዋ ቃሉ ላይ ጣቷን አድርጋ ነበር። ቃሉን ግን አላቀበለችም። ፖስተኛው ያልተሰሙ መስሏቸው፣ ግራ በተጋባ የሰፈር ድምፅ ደገሙት፦ «መሪው በማን እጅ ነበር፣ አንተ ሰው?»

ወንድሟ ተነሳ።

«ተቀመጥ እንጂ ወንድም፣ ጋረድከን!» አለ አንድ ሰው።

አልተቀመጠም። ዞሮ፣ አሮጊቷ ፊት፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጉልበቱ ወረደ። አንድ ነገር ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ አልሰማችም፤ ማንም አልሰማም። መድረኩ ላይ አናጺው እጁን አንስቶ ሰዉን ዝም አሰኘ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉና ወደማያውቁት ሰው ጎንበስ አሉ።

«ጮክ በል ልጄ» አሉት። «አልሰማሁህም።»