ባሌ የዘለለው ሆቴል

ዕድሜ ልኬን የሰው አንሶላ ስተኩስ ለኖርኩ ሴት፣ ተራራ ላይ ሆቴል ምረጪ ስባል ሳቄ ነው የመጣው። ጣጣውን ያመጣችው ፋርማሲ የምትሠራው ልጃችን ናት። "ሦስት ቀን፣ በረዶ፣ ፍልውሃ፣ አንቺና አባዬ ብቻ፤ ስጦታዬ ነው" አለችና ላፕቶፕዋን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አምስት ሆቴሎች ደረደረችልን። "እስከ አስር ሰዓት አንዱን ምረጡ፣ ደውዬ አስይዛለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳየሁ ጠፋሁ። ደጅ ላይ ገንዳ አለ፣ ዙሪያው በረዶ፣ ከውሃው እንፋሎት ይነሳል። እንፋሎቱ ከጭጋጉ ተቀላቅሎ ተራራው ከየት እንደሚጀምር እንኳን አይለይም። ያበጡት ጉልበቶቼ እዚያው ወንበሩ ላይ ሞቃቸው። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። የመተኮሻው ማሽን ጩኸት የለም፣ "እትዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ" የሚል የለም። እንዲያው ተንሳፈፍኩ።

"ጠማማ ነው" አለ ባሌ።

"ምኑ?"

"ደረጃው። ውሃ ልክ የሚባል ነገር አያውቁም እንዴ ሰዎቹ? ውሃው እዚህ ጋ ሞልቶ እዚያ ጋ ጎድሏል።"

ባሌ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ገንዳ አሳይታችሁት ውሃውን አያይም። ሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔ ባስኩ። አልጋው ላይ የተቀመጡትን ፎጣዎች አየሁና፣ "እነዚህ በደንብ ሳይደርቁ ነው የታጠፉት፤ ጠርዛቸው አይታይህም?" አልኩት። በሦስተኛው ግን ተስማማን፤ ሁለታችንም ጠላነው።

ልጃችን ከጓዳ ብቅ አለች። "ልትዝናኑበት ነው ወይስ ልትቆጣጠሩት?"

"አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ" አልናት በአንድ አፍ።

አራተኛውን ስጠብቅ አምስተኛው መጣ።

"ዘለልክ" አልኩት።

"እሱ አይረባም።"

"ሳናየው?"

አንገቱን አከከ። ባሌ ነገር ሲደብቅ አንገቱን ያክካል። እጁን ገፋ አድርጌ ገጹን ወደ ኋላ መለስኩት።

ወይ ውበት! አሮጌ የእንጨት ቤት፣ ውስጡ ክብ ገንዳ፣ ሴራሚኩ ትንንሽ፣ አረንጓዴ ልበለው ሰማያዊ። በትልቁ መስኮት በረዶው ቀስ እያለ ሲወርድ ይታያል። በባዶ እግሬ ደረጃውን ስወርድ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ ታወቀኝ። ፎጣዎቹ እንኳን ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን የተራራውን ስም አነበብኩና ክው አልኩ።

ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ባሌ ለአንድ ወር ብሎ እዚያ ተራራ ላይ ሥራ ሄደ። እኔ ቀኔ ሳይደርስ ወለድኩ። ወንድ ልጅ፣ የመጀመሪያችን። ስድስት ቀን ኖረ። ሰው ብናስደውል መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል ተባለ። ባሌ የመጣው ልጁ ከተቀበረ በሳምንቱ ነው፣ ሥራውን ጨርሶ፣ የዕቃ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ። አባቱ ይምጣና ስም ያውጣለት እያልኩ ልጁ ያለ ስም ሄደ። መንገዱ የእውነት ተዘግቶ ነበር ወይስ ሥራዬን ልጨርስ ብሎ ቀረ? ጠይቄው አላውቅም። መልሱ ክፉ ከሆነ እንዴት አብሬው እንደምኖር አላውቅማ።

"ወደዚህ ነው የምንሄደው" አልኩት።

"የትም በይኝ፣ ወደዚህ ግን አልሄድም።"

"ለምን? ሥራዬን ልጨርስ ብለህ እኔንና ልጅህን የተውክበት ስለሆነ?"

አመለጠኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የያዝኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

መነጽሩን አወለቀ። "መንገዱ ተዘግቶ ነበር" አለ። "መወለዱን እንደሰማሁ ሁለቴ በእግሬ ልመጣ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ከበረዶው ጎትተው መለሱኝ። የሞቱ ስልክ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። እዚሁ ገንዳ ውስጥ ገብቼ መሥራት ቀጠልኩ። እጄን ምን ላድርገው? እኛ ሴራሚክ አንጣፊዎች፣ መጨረሻ ላይ የምንለጥፈው ሴራሚክ ጀርባ ላይ ስማችንን እንጽፋለን። ከተለጠፈ በኋላ ማንም አያየውም። እኔ የእሱን ጻፍኩ።"

"የማንን?"

"የልጁን።"

"ስም አልነበረውም እኮ።"

"ነበረው። ከመሄዴ በፊት አስቤለት ነበር። ስመጣ ልነግርሽ ነበር፤ ስመጣ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተኝተሻል። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር?" ጣቱን ከገጹ ግርጌ ያለው ማስታወቂያ ላይ አሳረፈ። ከዚህ የብርድ ወቅት በኋላ አሮጌው ገንዳ ፈርሶ በአዲስ ይሠራል ይላል። "ሊሰብሩት ነው። ገብቼ የምሰናበትበት አቅም የለኝም።"

"አንተ ሰውዬ!" ጮህኩ። "የልጄን ስም ለግድግዳ ነግረህ ከእኔ ትደብቃለህ?"

ከዚያ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነገረኝ። ድገመው አልኩት፣ ደገመው። ስሙን ስሰማው ልጄ ከዚያ እንፋሎት ውስጥ ብቅ ያለ መሰለኝ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ እርጥብ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ። እጁን ይዤ ከውሃው ላወጣው ምንም አልቀረኝም።

ልጃችን ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "መረጣችሁ? ምነው፣ ምን ሆናችኋል?"

"አራተኛውን" አልኳት። "ብርዱ ሳያልፍ።"

"እሺ፣ ለሁለት ሰው ብዬ ልደውል?"

ባሌን አየሁት። ቀና አለና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

"ስልኩን አስቀምጪና ቁጭ በይ" አልኳት። "ወንድም ነበረሽ። ስሙን አባትሽ ይነግርሻል።"