ሞተር የተማረችው ልጅ

ሻንጣዬ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ነገ ጠዋት ከወረታ መኪና ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ ካልተመለስኩ የአምስተኛ ዓመት ምዝገባ ያልፈኛል። አባቴ አቶ አያልነህ ግን ልሂድ ባልኩ ቁጥር የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሞተሩስ?»

ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው። የምማረው አውቶሞቲቭ ምህንድስና ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አባየ ምንድን ነው ቢሉኝ «የሞተር ትምህርት» ብዬ ተገላገልኩ። እኛ አገር ደግሞ ሞተር ማለት ከርብ ወንዝ ውኃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣው ነው፤ ሌላ ሞተር የለም። እሳቸውም ለአገሩ ሁሉ «አምሳል ሞተር እየተማረች ነው» ብለው አወሩ።

ይኸው አሁን ሞተሩ ቆሞ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባየ ያላቸው እኔና ይኸ ማሳ ነን። ጎረቤታችን ዘመነ መጥቶ አየውና «የሰው ዐይን ነው» ብሎ ሄደ።

«እሽ፣ ላስነሳው» አልኩ። «ከተነሳ ነገ እሄዳለሁ?»

«መጀመሪያ ይነሳ እንጅ!»

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቻለሁ። አራት ዓመት የተማርኩት መኪና ፍሬን ተይዞ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚቆም ማስላት፣ ከመኪናው ሥር ያለው ባልስትራ የሚችለውን ሸክም፣ ሙቀት እንዴት ጉልበት እንደሚሆን ነው። ሞተር ስንፈታ ክፍሉ ሙሉ ልጅ አንዷን ሞተር ይከባል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በደንብ ያየሁት የልጆቹን ማጅራት ነው። ግን አንድ ነገር ይዣለሁ፤ ሞተር እንቢ ሲል ከመፍታት በፊት መጠየቅ።

«ሲቆም እንዴት አድርጎ ቆመ?» አልኳቸው ማሳው ላይ ስንደርስ።

«እየሠራ ሳለ ናፍጣው አለቀ። ሞላሁለት፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ።»

ሳቄ መጣ። ናፍጣው ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩ ካልወጣ ናፍጣው አያልፍም። የቱቦውን ብሎን በመፍቻ ቁልፍ ላላ አደረግኩት። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ። አጠበቅኩና የማስነሻውን ገመድ ሳብኩ። እንቢ። ደገምኩ። እንቢ። ልቤ ወረታ መናኸሪያ ደርሶ ይመለሳል። እንደገና በኃይል ስስበው ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ጮኸ፤ ውኃውም በቦዩ ወረደ።

አባየ የሚሆኑት ጠፋቸው። ድምፁን ሰምቶ ለመጣው ለዘመነ «አየህ ልጀን! ጨርሳለች እኮ!» አሉት። «ከእንግዲህ ምን ቀራት? እዚሁ ሁና የሁላችሁንም ሞተር ታያለች።»

ደሜ ፈላ። «አባየ፣ የተማርኩት መኪና ነው!»

«መኪና ሞተር የለውም?»

ዘመነ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባላስነሳው ምን ተማርሽ ሊሉኝ፣ ባስነሳው ጨረስሽ ሊሉኝ! በሽንኩርቱ መደቦች መካከል ወዲያ ወዲህ ተንጎራደድኩ። አንድ ባጃጅ በሜዳው መንገድ አቧራውን እያቦነነ ወደ ወረታ ይሄዳል። ቀናሁበት።

ተመልሼ የናፍጣውን መዝጊያ ዘጋሁት። ሞተሩ አንገራገረና ቆመ።

«ኧረ ምን ሆንሽ አንች ልጅ?»

ብሎኑን ፈትቼ አየር አስገባሁበት። ከዚያ ቁልፉን እጃቸው ላይ አደረግኩ። «አሁን እርስዎ ያስነሱት።»

ትንሽ አመነቱ፤ ግን እኔ ሳደርግ አይተዋል። መዝጊያውን ከፈቱ። ብሎኑን ሊያጠብቁ ሲቸኩሉ «ቆይ፣ አረፋው ይለቅ» አልኳቸው። ጠበቁ፣ አጠበቁ፣ ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳላቸው። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል።

ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ቁልፉን በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አልመለሱልኝም።

«ለካ እኔን አስተምረሽ ልትሄጅ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባየ።» እንባዬ መጣ።

ውኃው መደብ መደቡን ሲሞላ ቆመው አዩ።

«በይ በጠዋት ተነሽ» አሉኝ። «ሻንጣሽን ወረታ ድረስ እኔ ነኝ የምሸከምልሽ።»